ከፎጣው ሥር ያለው መልስ

እታገኘሁ ወደ ጅጅጋ የተመደበችው በ1971 ዓ.ም. ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ብዙም አልቆየም፤ የአንዳንዱ ቤት ቆርቆሮ በጥይት ከመበሳሳቱ የተነሣ ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ ላይ ኮከብ የተበተነ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ወደዚያ የሚላክ መምህር ሻንጣውን ሳይፈታ የዝውውር ማመልከቻውን ይጽፋል። እታገኘሁም ጽፋለች። የደብረ ሲና ልጅ በመሆኗ ብርዱ አላስደነገጣትም፤ ያስመረራት አቧራ ተሸክሞ የሚመጣው ንፋስ ነው። ሆኖም ማመልከቻዋን ዛሬ ነገ አስገባለሁ ስትል አንድ ዓመት አለፈ፤ በመጨረሻም ወረቀቱን አጥፋ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገችው። መንግሥት እስከተለወጠበት እስከ 1983 ድረስም ከጅጅጋ ንቅንቅ አላለችም።

ያስቀራት ሂሳብ ነው። በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምራቸው ልጆች ከሰዓት በኋላ በየሱቁና በየገበያው ስታያቸው ሌላ ሰው ናቸው። መልስ ሲመልሱ ጣታቸው አይታይም፤ የስኳሩን፣ የጨርቁን፣ የሩዙን ዋጋ ደምረው ቀንሰው እስክትጠይቅ አይጠብቁም። እነዚያው ልጆች ጠዋት ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ ግን ምላሳቸው ይታሰራል። ጠመኔውን እንደ ጋለ ብረት ይዘው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ ደወሉን ይጠብቃሉ። ይህ ነገር እታገኘሁን ከነከናት። አንድ ሰው በአንድ ቀን እንዴት ሁለት ዓይነት ጭንቅላት ይኖረዋል ብላ ብዙ አሰበች።

ስለዚህ የማጠናከሪያ ክፍል አቋቋመች። አሥረኛ ክፍል ገብተው ሂሳብ ያቃታቸውን ሰብስባ ከምሳ በኋላ ታስተምራለች። ጓደኞቿ ሳቁባት። ከምሳ በኋላ ጅጅጋ በየቤቷ ትራሷን ተደግፋ ጫቷን ትይዛለች፤ ያን ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኘው ፍየልና ንፋስ ነው።

«በዚህ ሰዓት ማን ይመጣልሻል?» አላት የፊዚክስ መምህሩ ወልደሥላሴ።

«ሂሳብ የማይችል ይመጣል።»

«ከሆነማ ክፍሉ አይበቃሽም።»

እውነቱን ነው፣ አልበቃትም። አርባ ተማሪ መጣ። በግቢው ጫፍ የነበረውን አሮጌ ዕቃ ቤት አስጠርጋ አግዳሚ ወንበሮች አስገባች። ተማሪዎቹም እንደ አገሩ ልማድ ቅጽል ስም አወጡላት። በዚያ አገር ያለ ቅጽል ስም የሚኖር ሰው የለም፤ አንካሳው አንካሳ፣ ረጅሙ ረጅም ይባላል፤ የሚቀየምም የለም። እታገኘሁ የተማሪ ሥራ ስታይ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርጋለች። ስለዚህ «ሚዛን» አሏት። ቃሉ በሶማልኛውም በአማርኛውም አንድ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፣ በልቧ ግን ወደደችው።

በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዳይሬክተሩ አስጠሯት። ጓድ ቀለምወርቅ የታሪክ መምህር የነበሩ፣ ኮታቸውን ከላይ እስከ ታች የሚቆልፉ፣ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ሰው ናቸው። ቢሮአቸው ውስጥ ዘነበ ተቀምጧል። ዘነበ የወጣቶች ማኅበር የኪነት ቡድን መሪ ሲሆን፣ ከበሮውን የትም ይዞት ስለሚዞር ወንበር ላይ ከጎኑ አስቀምጦታል።

«ጓድ እታገኘሁ፣» አሉ ዳይሬክተሩ፣ «የኪነት ቡድኑ የማጠናከሪያውን ክፍል ይፈልጋል።»

«እኔም እፈልገዋለሁ።»

«ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣» አለ ዘነበ፣ «ድምፅ ይመልሳል። በሩም ይቆለፋል። እኛ ዛፍ ሥር እየዘፈንን አቧራ በላን፣ እታለም። አንቺ ደግሞ እዚያ ውስጥ ኤክስን ስትፈልጊ ይኸው አራት ዓመትሽ። አልተገኘም?»

«በየቀኑ ይገኛል። በማግስቱ ደግሞ ይጠፋል።»

ጓድ ቀለምወርቅ ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ መታ አደረጉ። «እኔ በስሜት አልወስንም፤ በቁጥር ነው የምወስነው። ጥር መጨረሻ ላይ አርባዎቹም ይፈተናሉ። ፈተናውን ወልደሥላሴ ያወጣል፣ ወልደሥላሴ ያርማል። ከግማሽ በላይ ካለፉ ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካላለፉ የዘነበ ነው፤ ማጠናከሪያውም ይዘጋል።»

ዘነበ ከበሮውን በጣቱ አንዴ ነካ አደረገው። እታገኘሁ ወጥታ በመንገዷ ላይ አርባዎቹን አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ማጠናከሪያው ከተዘጋ ከአርባዎቹ አብዛኞቹ ዓመቱን አይጨርሱም። ዋበሪ የሚባለው ትከሻ ሰፊው ልጅ የከብት ደላላ ልጅ ነው፤ አባቱ ዐብዲወሃብ «ካላወቅክ ና ገበያ እንውጣ» እያለ ይጠብቀዋል። ከመካከላቸው ብቸኛዋ ሴት ዐምራን ደግሞ ሐርተሼክ በምትባለው ከተማ ሱቅ ያለው አጎት አላት፤ ባንኮኒው ጀርባ በርጩማ አዘጋጅቶላታል።

ወዲያው በየሳምንቱ መለማመጃ ፈተና መስጠት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ አሏት። ክፍሉ እንደ መስጊድ ጸጥ ይላል። ወቅቱ ብርድ ስለሆነ ልጆቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንድ እጃቸውን ከሥር ደብቀው፣ በሌላው ይጽፋሉ። የሚያንሾካሽክ የለም፣ የሚዞር የለም። ለወልደሥላሴ እንኳ «ሥነ ሥርዓታቸውን ብታየው» ብላ ጉራዋን ነዛችበት።

ከዚያ የመኪናው ጥያቄ መጣ። ከጅጅጋ ሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ አንድ የጭነት መኪና በሁለት ሰዓት ተኩል ቢደርስ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? መልሱ አርባ ነው። እታገኘሁ ወረቀቱን ይዛ ቤቷ ገባችና ስታርም አንገቷ እንደዘነበለ ቀረ። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አራት ብለው ጽፈዋል። ሦስተኛው አግዳሚ በሙሉ አራት መቶ ብሏል። አራተኛው ላይ አንዳንዱ አርባ፣ አንዳንዱ አራት ሺህ። በአንደኛው መልስ መኪናው ከአህያ ጋር እየተጨዋወተ ይሄዳል፤ በሌላው አውሮፕላን ያስንቃል። አራቷ ግን ከሁሉም ዘንድ አለች። ዜሮውን እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣው ይመስላል።

ብቻዋን የተሳሳተች ዐምራን ናት። ፊት ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ብላለች። መቶውን በሁለት ተኩል አባዝታው ነው። ስህተት ነው፣ ግን መንገዱ የሚታይ ስህተት ነው። የሌሎቹ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። እታገኘሁ ቀጣዩን ፈተና ዓይኗን አፍጥጣ ጠበቀች። ማንም ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። መልሱ ግን እንደዚያው አንድ ቁጥር በልዩ ልዩ ዜሮ ሆኖ መጣ።

የገና በዓል ሲቃረብ በግ ልትገዛ ከአከራይዋ ከካልቱን ጋር ወደ ከብት ገበያ ወረደች። ካልቱን በዕድሜ የገፉ፣ እታገኘሁን «አባዮ» ብለው እንደ እኅት የሚጠሩ፣ የሰው ገበያ ውስጥ መግባት የሚወዱ ሴት ናቸው። ገበያው መሐል ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ እጆቻቸው ላይ ፎጣ ተጥሏል። አንዱ ደላላው ዐብዲወሃብ፣ የዋበሪ አባት ነው። ሁለቱም አይናገሩም። አንዱ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ጫማውን። ከፎጣው ሥር ግን የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ዋጋ እየተነጋገሩ።»

«ዝም ብለዋል እኮ።»

«ታዲያ ሰው ይስማቸው? አንዱን ጣት ከያዘ አንድ ነው፣ ሁለቱን ከያዘ ሁለት፣ መዳፉን ሙሉ ከያዘ አምስት። ቀሪው ጆሮውን ቢያቆም ምንም አያገኝም።»

የእታገኘሁ አንገት ዘንበል አለ። «አምስት ምን?»

«አምስት ነዋ። ሃምሳም ይሆናል፣ አምስት መቶም ይሆናል። ጣቱ ያው ነው።»

«በምን ይለያሉ ታዲያ?»

ካልቱን ቆም ብለው አዩዋት። «አባዮ፣ በጉ እኮ ቆሟል። ዓይን የላቸውም? ወላሂ አንቺ ነሽ ሂሳብ የምታስተምሪው?»

አርባው ተማሪ፣ ጸጥታው፣ ፎጣው፣ አራቷና ዜሮዎቿ አንድ ላይ መጡባት። ልጆቹ መልሱን ከአባቶቻቸው በተማሩት መንገድ በጣት እርስ በርስ ሲሻሻጡት ከርመዋል። ዐምራን የወንድ ልጅ እጅ ስለማትይዝ ከንግዱ ውጭ ቀርታለች። ዜሮው የጠፋው ደግሞ ጣት ዜሮ ስለሌለው ነው። ገበያ ላይ በጉ ራሱ ዜሮውን ይናገራል፤ ፈተናው ላይ ግን ማንም በጉን አላየም።

ይህን እያሰላሰለች ያገኘችውን በግ ገዝታ ስትመለስ ካልቱን መንገዱን ሙሉ ሳቁ። በጉ ጎኑ እንደ መሰላል የሚቆጠር፣ ራሱን ደግፈው ካላቆሙት የሚጋደም ነበር።

«ይህን በዓይንሽ ነው የገዛሽው?»

«አላየሁትም፣ እትዬ ካልቱን።»

«መረቅ እንኳ አይወጣውም። ጥላውን ነው የገዛሽው።»

በማግስቱ እታገኘሁ ፎጣ ለብሳ ክፍል ገባች። ልጆቹ ተያዩ። ዐምራን አጠገብ ተቀመጠች፤ የዐምራንን እጅ ያዘችና ፎጣውን ጣል አደረገችበት።

«ስንት አልኩሽ?»

ዐምራን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አምስት ነው የሚመስለኝ፣ ቲቸር» አለች።

«አምስት ምን?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

እታገኘሁ ተነሥታ ወደ ኋላ አየች። ሁሉም እጁን ከፎጣው ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ እጃቸውን ሊታጠቡ የተሰለፉ ይመስላሉ።

«ዋበሪ፣ ተነሥ። አባትህ መዳፍህን ሙሉ ቢይዝ፣ አምስት ይሁን ሃምሳ እንዴት ታውቃለህ?»

ዋበሪ መሬት መሬት እያየ፣ «በአምስት ብር በግ የለም፣ ቲቸር» አለ።

«በአምስት መቶስ?»

«በአምስት መቶ ግመል ነው።»

«ጥሩ። ከጅጅጋ ሐረር በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አለ?»

ዋበሪ ትንሽ አሰበ። «የአጎቴ አለ» አለ።

እታገኘሁ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ትከሻዋ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ የሚቀጡ መስሏቸው የተጨማደዱትን አርባ ፊቶች አይታ፣ ሁለት ነገር ነገረቻቸው። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጁ ከፎጣ ሥር የተገኘ ተማሪ ወደ ገበያው መሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ሳያሰላ በፊት በጉን ያያል። መልሱ በግ ያህላል ወይስ ግመል ያህላል? መጀመሪያ ይህን ይወስናል፣ ስሌቱ ከዚያ ይመጣል። መልሱ ከበጉ ጋር ካልተስማማ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ማን እንደዋሸ ይፈልጋል።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ጸጥታ አላየም። አንዱን ሻጭ ሌላውን ገዢ አድርጋ በመልስ ታከራክራቸዋለች። «ከሃያ አይበልጥም» ይላል አንዱ። «እብድ ነህ? ሩቡ ብቻ ሠላሳ ነው» ይላል ሌላው። ዋበሪ በክርክር ጊዜ የአባቱን ድምፅ ያወጣል፤ ሰማይ እያየ፣ ዋጋው እንደማያስጨንቀው እየሆነ። ክርክሩን የምትዘጋው ግን ዐምራን ናት፤ ልጆቹ በጉን ሲገምቱ እሷ ትክክለኛ ክብደቱን ትናገራለች። አንድ ቀን ዘነበ ከዛፉ ሥር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ልምምድ ላይ ነን። ድምፅ ቀንሱልን።»

«ከበሮ ይዘህ ነው ድምፅ ቀንሱ የምትለው?»

«ከበሮዬን መስማት አቃተኝ እኮ።»

ይህን ስል ሁሉም ነገር ተቃና ማለቴ አይደለም። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አስቸግረዋል። «የሌለ በግ እንዴት ይቀነሳል?» ብለው የተከራከሩበት ቀን እታገኘሁ ራሷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ክፍልፋይም እንደዚያው። የፈተናው ቀን ሲደርስ ምሳ አልበላችም።

ጓድ ቀለምወርቅ የፎጣውና የበጉ ወሬ ደርሷቸው ኖሮ፣ በዚያ ብርድ ፎጣውን ሁሉ አስወልቀው በር ላይ አስከመሩት። ልጆቹን አራርቀው አስቀመጡ። እታገኘሁ እንድትገባ አልተፈቀደላትም፤ ውጭ ሆና በመስኮቱ ስታይ፣ ዋበሪ እጆቹን ከጭኑ ሥር ሸጉጦ፣ ከመጻፉ በፊት ጣሪያውን ሲያይ አየችው። የድሮው ጣሪያ ማየት ነው ወይስ በጉን እያየ ነው? መለየት አልቻለችም።

በሳምንቱ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማው ወጥቶ ተማሪው ሁሉ እንደተሰለፈ፣ ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዘው ደረጃው ላይ ወጡ። ዘነበ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከታች ቆሟል። የክፍሉን ቁልፍ ገና በማለዳ ተቀብሎ ጣቱ ላይ ያሽከረክረዋል። እታገኘሁ ይህን ስታይ ነገሩ ገባት።

«ከማጠናከሪያ ክፍል ተማሪዎች መካከል ፈተናውን ያለፉት፣» አሉ ጓድ ቀለምወርቅ፣ «ስድስት ነጥብ ሃያ አምስት በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ግልጽ ነው። ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ለኪነት ቡድኑ ተላልፏል።»

ዘነበ ከበሮውን አንዴ ድም አደረገው። እታገኘሁ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች፤ ሰው ፊት ላለማልቀስ ሌላ መንገድ አላገኘችም።

ከሰልፉ መሐል ግን አንድ ሰፊ ትከሻ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ዋበሪ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ አባቱ ዋጋ ሲሰማ እንደሚያደርገው ከንፈሩን ያጣምማል። ከዚያ እጁን አወጣ።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ እኛ አርባ ነን።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቶ አሥሩ እጅ ቢያልፍ አራት ሰው፣ አምስቱ ቢያልፍ ሁለት ሰው ነው። እርስዎ ያሉት በመሐላቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ነው ያለፈው፣ ከዚያ ደግሞ ትርፍ አለ።»

«ሁለት ተኩል፣» አለች ዐምራን ከሴቶቹ ሰልፍ።

«ሁለት ተኩል ሰው፣» አለ ዋበሪ። «ግማሹ ማነው?»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ አንዱ፣ «ግማሹ እኔ እሆናለሁ፣ ከዕረፍት በኋላ አልገባም ነበር» አለ። አንድ መምህር ሳል ያዘው። ወልደሥላሴ ወደ ደረጃው ጠጋ ብሎ በዝግታ፣ «እኔ የሰጠሁዎት ሃያ አምስት ሰው አለፈ ብዬ ነበር» አለ።

ጓድ ቀለምወርቅ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሺህ ሰው እያያቸው፣ ቆመው አካፈሉ። ነጥቧ አንድ ቦታ ወደ ግራ ሸሽታለች። ሰውዬው ክብራቸውን የሚያውቁ ነበሩና አላጉረመረሙም፣ ሌላም ሰው አልወቀሱም። ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ስልሳ ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ፣» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ተማሪዎች፣ በጉን አላየሁትም» አሉ።

የሳቁ ድምፅ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። ዘነበ ከበሮውን ከአንገቱ አውርዶ ወደ እታገኘሁ መጣና ቁልፉን ዘረጋላት፤ ልትቀበለው ስትል ግን ጣቱን አጠፈበት።

«እሰጥሻለሁ። ግን ያን ግማሽ ተማሪ ሳታሳዪኝ አይደለም።»

«ከሰዓት በኋላ ና፣ አንደኛው አግዳሚ ላይ ግማሽ ቦታ አለልህ።»

ከምሳ በኋላ ወረቀቶቹን አደለች። ዐምራን ሰባ ስድስት አግኝታለች፤ ወረቀቷን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ ለሐርተሼኩ አጎቷ ልታሳይ። ዋበሪ ግን ከሃያ አምስቱ ውስጥ አልነበረም። አርባ ስድስት ነው ያገኘው። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው፣ ገለበጠው፣ ወደ ብርሃኑም አወጣው።

«ቲቸር፣ ይህ ስልሳ አራት ሊሆን አይችልም?»

እታገኘሁ አንገቷን ዘንበል አደረገች። «በጉን እየው፣ ዋበሪ።»

ዋበሪ አየው። ከዚያ ፎጣውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፤ ከኋላ የነበረውን ደብተሩን ሰብስቦ፣ እጆቹ ከፎጣው ውጭ በደንብ እንዲታዩ አድርጎ፣ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።